የአባቴ አዲሱ ትከሻ

ባለፈው ሳምንት ስንለያይ እኔን አባቴ ግቢ በር ላይ አቁማችሁኝ ነው የሄዳችሁት፤ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ እያየሁ፣ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ። ሳምንቱን ሙሉ ግን እዚያው ቆሜ አልከረምኩም። ተቀምጬ አልቅሻለሁ፣ ተነስቼ ሠርቻለሁ፣ እናቴንም በነገር አድርቄያታለሁ። ዛሬ ገና ለመጣ አንባቢ ከዚያ በፊት የሆነውን ባጭሩ ልንገረው፤ የቆያችሁት ታገሱኝ፣ የፍቅር ወሬ ሁለቴ ቢሰማ ማንንም አልጎዳም።

የምሥራች አየነው እባላለሁ። እንጅባራ ከተማ ውስጥ የፈረስ ጌጥ የምሰፋበት ቤት አለኝ። የኮርቻ ልብሱ፣ የግንባሩ ጌጥ፣ አንገት ላይ የሚውለው ቀይና ቢጫ ጥልፍ ሁሉ ከእኔ የስፌት መኪና ሥር ነው የሚወጣው። አባቴ አየነው ደግሞ በዘንገና ሐይቅ በኩል ፈረሰኛ ማነው ቢባል ሰው ጣቱን የሚቀስርበት ሰው ነው። በጥር የፈረሰኞች በዓል ሲደርስ እሱ ከፊት ካልጋለበ በዓሉ የተጀመረ አይመስለውም።

ካቻምና ለበዓሉ ሲለማመድ ፈረሱ ተደናቀፈና አባቴ በቀኝ ትከሻው ወደቀ። የክንዱ አጥንት ከላይ፣ ከትከሻው ሥር ተሰበረ። ወጌሻ ተጠራ። ጋሽ ትዕዛዙ የሚባሉ የአዲስ ቅዳም ሰው ናቸው፤ ከሰል አክስለው ይሸጣሉ፣ አጥንትም ይጠግናሉ። መጡ፣ አሹት፣ በቀርከሃ አሰሩት። አልዳነም። ክንዱ ከጎኑ ተጣብቆ ቀረ፤ ሕመሙ ሲነሳበት የሚያሰማው ሲቃ ጎረቤት ድረስ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወሰድነው፤ ሐኪሞቹም የተበላሸውን የትከሻ መጋጠሚያ አውጥተው በብረት ተኩለት።

የእኔ ጣጣ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ብረቱ ብቻውን ክንድ አያነሳማ! የሚያለማምድ ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ሆስፒታላችን ውስጥ ያለማመደው ባለሙያ አዝመራው የሚባል፣ ቀጠን ያለ፣ ሳቁ ከዓይኑ የሚጀምር ልጅ ሆነና አረፈው። «ጋሼ፣ በጣትዎ ግድግዳውን ይውጡት፤ ቀስ እያሉ፣ እንደ ጉንዳን» ይለዋል። አባቴ በጣቱ ግድግዳ ሲወጣ፣ እኔ ከአባቴ ትከሻ በላይ አዝመራውን በዓይኔ ስሰርቀው፣ እሱም እኔን ሲሰርቀኝ ወራት አለፉ። አባቴም ልጁን ወደደው፤ «የእኔ ዶክተር» ነበር የሚለው። አንድ ቀን ታዲያ የአባቱን ስም ጠየቀው።

«ትዕዛዙ» አለ አዝመራው።

«የየት አገሩ ትዕዛዙ?»

«የአዲስ ቅዳሙ። ወጌሻው።»

አባቴ እጁን ከግድግዳው ላይ አወረደ።

እንግዲህ ከአዝመራው ወገን ሽማግሌ ተልኮ አባቴ «ጊዜ ስጡኝ» ሲል፣ ደግሞ ተልኮ «ትንሽ ጊዜ» ሲል፣ አገር ሁሉ ምክንያቱን በራሱ አወቀ። ክንዱን ላበላሸበት ሰው ልጅ እንዴት ልጁን ይዳር! አክስቶቼማ የከሰሉንም ነገር ጨመሩበት፤ «ጥቁር እጅ ልትይዝ ነው» አሉ አሉ። እኔም ሰው ያመነውን አመንኩ። ሞኝ ነበርኩ፤ ደግነቱ ብቻዬን አልነበርኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የእንጅባራ ዝናብ መቼም ወቅት አይጠይቅም፣ አዝመራው ከባጃጅ ወርዶ ውኃ እየተንጠባጠበ ሱቄ ገባ።

«ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ተነጋግረዋል» አለኝ ሳይቀመጥ።

«ለሦስተኛ ጊዜ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ በይው። ከዚህ በኋላ እግራቸውን አያነሱም።»

ይህንን እኔም አላጣሁትም። ሦስቴ የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ ከሄደ ልመና ይባላል እንጂ ሽምግልና አይባልም።

«እሽ ካለስ?» አልኩት።

«እሽ ካለማ...» ሳቁ ዓይኑ ላይ ጀመረና ከንፈሩ ሳይደርስ ጠፋ። «ካልሆነ ግን ደብረ ማርቆስ እዛወራለሁ። ጠይቀውኛል።»

«መቼ ነው የጠየቁህ?»

ፊቱ ላይ ያለውን ውኃ በእጅጌው ጠረገ።

«ደበቅኸኝ! አንተ ልጅ ደበቅኸኝ!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ የምሥራች? አባቴ ካንች አባት ወዲህ የሰው አጥንት ነክቶ አያውቅም። የመጣውን ሁሉ ሆስፒታል ሂድ ነው የሚለው። ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹በእኔ እጅ ምክንያት አንተ ተቀጣህ› አለኝና ዕንባው መጣ። እሱን እንዲህ እያየሁ፣ አንችን በየመንገዱ እያየሁ፣ እዚህ ከተማ መኖር አልችልም።»

እኔ ደግሞ ስናደድ ምላሴ አይታዘዘኝም። «ሂድ እንግዲያ» አልኩት። «ማርቆስ ቆንጆ አገር ነው። ቆንጆም አይጠፋበትም።»

«ቀና ብለሽ እይኝ።»

አላየሁትም። ባየው ተነስቼ አንገቱ ላይ እንደምጠመጠም አውቃለሁ፤ በዚያ ላይ የኮርቻ ልብስ ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ በሩ ላይ ጃንጥላዋን እያራገፈች ነበር። አዝመራው ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ወጣ። ባጃጁ ዝናቡ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ እግሬ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፤ ሴትየዋ «እናትዬ፣ ክር እኮ የለውም» ስትለኝ ነው ያቆምኩት። የምወደውን ሰው በገዛ አፌ አባርሬ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ አርብ አባቴ ቀጠሮ ነበረው። አብሬው ሄድኩ፤ ባልሄድ ይሻለኝ ነበር፣ ግን ማን ያስችለኛል?

አዝመራው ሥራ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው። እኔን አላየኝም፤ ወይም እንዳላየኝ ሆነ። «ጋሼ፣ ክንድዎን ወደ ፊት ያንሱልኝ» አለ። አባቴ ቀኝ ክንዱን አነሳ። ትከሻውን አለፈ፣ አገጩን አለፈ፣ ግንባሩ ዘንድ ደርሶ ቆመ።

«ያምዎታል?»

«ምንም።»

«ማታስ እንቅልፍ?»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው። ይታይሽን ጠይቃት፤ ማንኮራፋቴ ነው አሁን ያስቸገራት» አለ አባቴ። ይታይሽ እናቴ ናት፤ እውነቱን ነው።

«ሸሚዝስ ማን ያለብስዎታል?»

«ማንም! ጎራሽም እኔ፣ ለባሽም እኔ። ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም በዚሁ በቀኜ ነው የማማትብ።»

ክንዱ ታስሮ በከረመበት ጊዜ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚቆመው፤ በግራ እጁ ማማተብ አይሆንለትም፣ ቀኙም አይታዘዘው። እጁ መጀመሪያ ግንባሩ ላይ የደረሰ ቀን እናቴ መንገድ ላይ እልል ብላ ሰው ሰብስባለች።

«ጋሼ፣ ይሄ በጣም ጥሩ ውጤት ነው» አለ አዝመራው። «በርስዎ ዕድሜ፣ ያን ያህል ደርቆ ከቆየ ክንድ፣ ከዚህ የተሻለ ብዙ አላየሁም።»

አባቴ ግን ደስ አላለውም። ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዚህስ በላይ?»

«ከዚህ በላይ እምብዛም አይጨምርም። አዲሱ መጋጠሚያ የተሠራው ሕመሙን ለማጥፋትና ለዕለት ሥራ ነው።»

«ከባድ ነገር ማንሳትስ?»

«ምን ያህል ከባድ?»

አባቴ እኔን በጎን አየኝ። «እንዲያው... አንድ ጆንያ ድንች።»

አዝመራው ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ኧረ ጋሼ! ድንቹን ሌላ ሰው ይሸከም እንጂ። ከባድ ማንሳት ክልክል ነው። አሁንም፣ ወደፊትም።»

«ወደፊትም?»

«ወደፊትም።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። ምን ሆነ አልኩ በልቤ፤ ድንች የሚሸከም ሰው መቼ አጣን? ሲወጣ የአዝመራውን እጅ ጨበጠና ሳይለቅ ትክ ብሎ አየው። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ዋጠው፣ ጥሎት ወጣ። አዝመራው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጥላቻ መስሎታል። እኔም ጥላቻ ነው ያልኩት። በኮሪደሩ ከአባቴ ኋላ ኋላ እየሄድኩ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጀርባውን እያየሁ ጠላሁት።

ቅዳሜ ማለዳ ገና ጭጋጉ ሳይነሳ፣ የፈረሱን ልጓም ለጌጥ ልለካ ብዬ ወደ በረቱ ሄድኩ። ስቀርብ ሰው ሲያለከልክ ሰማሁ። በግንቡ ጥግ አየሁት። ዳማው ፈረስ ኮርቻ ተጭኖበት ቆሟል። አባቴ አንድ ጆንያ ድንች በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ኮርቻው ያነሳል። ጆንያው እስከ ደረቱ ይወጣል፣ ቀኝ ክንዱ ይከዳዋል፣ ጆንያው ይወርዳል። እንደገና ያቅፈዋል። በአገውኛ ይራገማል፤ አባቴ ከልቡ ሲናደድ በአገውኛ ነው። ፊቱ ግን በዕንባ ረጥቧል።

«ኧረ በሞትኩት! አባዬ! ብረቱን ልታወልቀው ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ጆንያው ከእጁ ወደቀና ድንቹ በግቢው ተበተነ። አባቴ እንደተያዘ ሌባ ቆመ።

«ምን አባቱ ድንች ነው እንዲህ የሚያስለቅስህ?»

ግንቡ ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅኩት። «ድንች አይደለም» አለኝ። «አንች ነሽ።»

«እኔ?»

«በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር ከአባቷ ግቢ የምትወጣው በፈረስ ነው። ኮርቻው ላይ የሚያወጣትም አባቷ ነው፤ በሁለት ክንዱ፣ አገር እያየ። አባቴ እህቶቼን ሁሉ እንዲህ አድርጎ ሸኘ። ‹ያሳደገሽ ክንድ ይሄው፣ እስከዚህ አደረሰሽ› ማለት ነው። እኔ ሰው ሁሉ ፈረሰኛ ብሎ የሚጠራኝ ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ፈረሰኛ ከቦኝ ቆሞ፣ አንድ ልጄን ማንሳት አቅቶኝ ከመሬት ላስቀራት? ክንዴ ትንሽ ቢበረታ ብዬ ነበር ጊዜ ስጡኝ ያልኩት። ልጁ ግን ወደፊትም አለ። ሰማሽው አይደል?»

ድንቹ መሐል ቁጭ አልኩ። እኔ ነኝ እንግዲህ የአገሩን ፈረስ ሁሉ ለሠርግ የማስጌጥ፤ የራሴ ፈረስ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ሰው በመኪና አይደል የሚዳረው? አባቴ ግን ከዚያ ሁሉ የግድግዳ ልምምድ ጀርባ እኔን ሲያነሳ ነው የከረመው። ሳቄና ለቅሶዬ እኩል መጡ። አንገቱን አቅፌ «ሞኝ! አንተ ሞኝ ሽማግሌ!» አልኩት፤ እንዲህ ብዬው አላውቅም። አልተቆጣም።

«ታዲያ ጋሽ ትዕዛዙን አልጠላህም?»

ዓይኑን አሸሸ። «የትዕዛዙን ነገር ለትዕዛዙ ነው የምናገረው። ፊቱን የማይበት ዓይን ካገኘሁ።»

እየሮጥኩ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣሁ። «አባትህ ነገ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጡ። ምንም አትጠይቀኝ። እወድሃለሁ» ብዬ ለአዝመራው ላክሁለት። ይድረስ አይድረስ አላወቅሁም። ኔትወርኩ እንደ አመሉ ጠፋ። ጉብታው ላይ ቆሜ ግን አባቴን እንደገና አገኘሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ሆኜ በመስኮቱ ሽንቁር አያለሁ። ከፊት የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ይሄነው፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንድ ጎበጥ ያሉ፣ ኮታቸው የከሰል ጥላሸት ያለበት ሰው። የአዝመራው አባት ናቸው። መልእክቴ ደርሷል! እናቴን ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት።

በልማዳችን ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን። የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ካለ ነገሩ አለቀ፣ ልጅቱ ተሰጠች። ካላለ ደግሞ እንደቆሙ ይሄዳሉ፤ ሁለት ጊዜም እንደዚያው ሄደዋል። አባቴ ወጣ። ጋሽ ትዕዛዙን ሲያይ ደነገጠ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

«አየነው፣ መቼም እግራችንን ታውቀዋለህ» አሉ አቶ ይሄነው። «ዛሬ የመጨረሻችን ነው።»

«ከመልሴ በፊት የምናገረው አለኝ» አለ አባቴ። «ትዕዛዙ፣ ወንድሜ፣ ቀና በል። አንተ አጥንቴን አላበላሸህም። አስረኸኝ ስትሄድ ‹እስክመጣ እንዳትነካው› ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን በዓሉ ሲደርስ አላስቻለኝም። ማንም ሳያየኝ ቀርከሃህን ፈትቼ ጋለብኩ። ያን ዕለት ነው የተበላሸው። አገር አንተን ሲያማ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እሷም አታውቅም ነበር።

«ልጅህንም አልጠላሁት» ቀጠለ አባቴ። «ስምህን ስሰማ ያፈርኩት ባንተ ሳይሆን በራሴ ነው። የመለስኳችሁ ደግሞ ይሄ ክንድ ልጄን ኮርቻ ላይ ማውጣት ስለማይችል ነው። ዛሬም አይችል፣ ወደፊትም አይችል። ይሄው፣ በሰው ፊት ተናገርኩት።»

ጋሽ ትዕዛዙ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። ምን ሊሉ ነው ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ገፋ አድርገው ወደ አባቴ ተራመዱና ትከሻውን፣ አዲሱን ትከሻ፣ ቀስ ብለው ዳበሱት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሰው አጥንት ሲነኩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ግራ ክንድህ ደህና ነው?» አሉት።

«ደህና ነው።»

«የእኔ ቀኝ ክንድ ደግሞ ግንድ ሲያገላብጥ የኖረ ነው። አንተ በግራህ፣ እኔ በቀኜ። ምን ይለናል?»

አባቴ አያቸው። «አባቷ አንድ ነው እንጂ...»

«ከእንግዲህማ ሁለት ሊሆን ነው የመጣነው!»

አቶ ይሄነው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አባቴ ግን አልሳቀም። ዞሮ «የምሥራች!» ብሎ ተጣራ። «ነይ ውጭ! ፈረሱን አምጡልኝ!»

«አሁን?» አሉ ጋሽ ትዕዛዙ።

«አሁን እንሞክረው እንጂ! ለሠርጓ ቀን ልንጥላት ነው?»

ሽማግሌ ቆሞ ልጅቱ መውጣቷ ነውር ነው፤ እኔ ግን በየት በኩል እንደወጣሁ አላውቅም። ዳማው ፈረስ ተሳበና መጣ። አባቴ በግራ ክንዱ ወገቤን ያዘ፤ ጋሽ ትዕዛዙ በሌላው በኩል። ሁለቱም አተነፋፈሳቸውን አስተካከሉ። «በል፣ በእመቤቴ ስም!» ተባብለው አነሱኝ። መሬቱን ለቀቅሁ።

የዚያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ «ጋሼ! ቀኝ እጅዎን አያስገቡ! በግራዎ ብቻ!» የሚል ጩኸት መጣ። አዝመራው ነው። መንገድ ዳር ባጃጅ ውስጥ ተደብቆ ሲጠብቅ ኖሯል። አጥሩን ዘሎ መሐል ግቢ ዱብ አለ፣ እየሮጠ መጣና የአባቴን ቀኝ ክንድ ከሥር ደገፈው።

እኔ ኮርቻው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ያለው ብልግና ነው!» አሉ አቶ ይሄነው ከልባቸው ተቆጥተው። «ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ እሽታ ሳይሰማ፣ ልጁ ራሱ ግቢ ይገባል? ውጣ! ውጣ አንተ!»

አዝመራው ያኔ ነው ያለበትን ያወቀው። ፊቱ ቲማቲም ሆነ። የአባቴን ክንድ ለቆ ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል አባቴ አንገቱን ያዘና ወደ ራሱ ሳበው።

«ተዉት» አለ። «የት ይውጣ? የቤቱ ልጅ አይደል? ባይሆን እናንተ ተቀመጡ፤ ምን ያቆማችኋል?»

የእናቴ እልልታ ግቢውን አናጋው። ሁለቱ አባቶቼ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሽማግሌዎቹ መቀመጫ ይጎትታሉ። አዝመራው የፈረሱን ልጓም ይዞ፣ የሚናገረው ጠፍቶት፣ ወደ እኔ ቀና አለ። እኔም በእናቴ ፊት፣ በአባቴ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ዓይኔን ሳልሰብር ጠግቤ አየሁት።